የተረሱ ፊልሞችን ከየዓለሙ ጥግ ፈልጎ ማግኛ መመሪያ

ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሰለቻል። የሚሰለቸው ግን ፊልም አይደለም፤ የሚቀርብለት ዝርዝር ነው። አፑን ሲከፍት ፖስተሩ ተለዋውጧል፣ ፊልሞቹ ግን ያው ናቸው። አፑ ከፊት የሚያመጣው መብቱን የገዛውንና ብዙ ሰው የተጫነውን ነው። እዛ ውስጥ ቁጭ ብሎ ወደ ታች ማንሸራተት የትም አያደርስም።

ከዛ ዝርዝር ውጭ በጣም ብዙ ፊልም አለ። እጅግ ግሩም የሆነ፣ የሚያየው ያጣ ፊልም። ይሄ መመሪያ እነሱን ማግኘት ለሚፈልግ ሰው ነው። የፊልም ትምህርት አያስፈልግም። ኢንተርኔትና ትንሽ ትዕግስት ይበቃል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. ፊልሙ ለምን እንደተደበቀ እወቁ

ብዙ ሰው ይሄን ደረጃ ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ። ብዙ ሰው «ጥሩ ቢሆን ኖሮ እንሰማው ነበር» ብሎ ያስባል። ስህተት ነው። ፊልም ከዓይን የሚጠፋበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከጥራቱ ጋር አይገናኝም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ፊልሙ የት እንዳለ ግማሹን አወቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት መብት ነው። የቻርልስ በርኔት «ኪለር ኦፍ ሺፕ» በ1977 የተጠናቀቀ የተማሪ ፊልም ነው። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው ፊልሞች አንዱ ሆነ። ያም ሆኖ በየሲኒማ ቤቱ በመደበኛነት የታየው በ2007 ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስቀመጠው ውስጡ ያሉት ዘፈኖች ናቸው። በርኔት የዘፈኖቹን መብት አልገዛም ነበር፣ መብቱ ሲገዛ ደግሞ 150,000 ዶላር ወጣበት። ፊልሙ ራሱ የተሠራው ከ10,000 ዶላር ባነሰ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ፖለቲካና ሳንሱር ነው። የኢራናዊው መሐመድ ረዛ አስላኒ «የነፋስ ቼዝ» በ1976 ቴህራን ላይ ሲታይ አቀባበሉ መጥፎ ነበር። ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ደግሞ ታገደ። ከዚያ ጠፋ ተባለ። በ2014 ግን የዳይሬክተሩ ልጅ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ የፊልሙን ኔጋቲቭ አገኘው። ታድሶ በ2020 ሲወጣ ያዩት ሰዎች ይሄን የመሰለ ሥራ እንዴት እስከዛሬ አናውቅም ብለው ተገረሙ።

ሦስተኛው የቅጂ መጥፋት ነው። የድሮ ፊልም የሚቀረጽበት ናይትሬት የሚባለው ጥሬ ዕቃ በቀላሉ ይቃጠላል፣ ሳይቃጠልም እየበሰበሰ ያልቃል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከአሜሪካ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍተዋል። በመጀመሪያ መልካቸው ተሟልተው የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ይሄ እንግዲህ ሀብታሙ የሆሊውድ ኢንዱስትሪ ነው። አቅም ባልነበረበት አገር ምን እንደጠፋ መገመት አያቅትም። አንዳንዴ ግን ተአምር ይፈጠራል። የፍሪትዝ ላንግ «ሜትሮፖሊስ» ለዓመታት ተቆራርጦ ሲታይ ኖሮ፣ በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ውስጥ ሙሉ ለመሆን ጥቂት የቀረው ቅጂ ተገኘ። ወደ 25 ደቂቃ የሚጠጋ ተመለሰለት።

አራተኛው አከፋፋይ ማጣት ነው። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ተወዳድሯል። የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን እምቢ አሉ። ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ አሳየው፣ ሰዉም ተሰልፎ አየው። ትልቅ የስትሪሚንግ መድረክ ላይ የወጣው ታድሶ በ2021 ነው።

አምስተኛው ቀላሉ ግን ብዙ ፊልም የቀበረው ምክንያት ነው። ሰብታይትል የለውም። የራሱ አገር ሰው የሚወደው፣ ሌላው ዓለም ግን ሰምቶት የማያውቀው ፊልም ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው ብቻ ነው።

አሁን ምክንያቱን ከበሩ ጋር አገናኙት። መብት የያዘው ፊልም ሲፈታ በዲስክ አሳታሚዎች በኩል ይወጣል። የታገደው ወይም የጠፋው በእድሳት ፌስቲቫሎች ይመለሳል። አከፋፋይ ያጣውን በድሮ የፌስቲቫል ካታሎጎች ታገኙታላችሁ። ሰብታይትል ያጣውን ደግሞ በአገሩ አርካይቭ፣ ማለትም በፊልም ማኅደሩ፣ እና በተመልካቾች ትርጉም። የሚቀጥሉት ደረጃዎች እነዚህን በሮች አንድ በአንድ የሚከፍቱ ናቸው።

2. ጠበብ አድርጋችሁ ጀምሩ

«የዓለም ሲኒማ» ብሎ ፍለጋ የለም። ያደክማል፣ መጨረሻ ላይም ሁሉም የሚያውቃቸውን አሥር ፊልሞች ይዛችሁ ትቀራላችሁ። አንድ አገርና አንድ አሥር ዓመት ምረጡ። የ1960ዎቹ ሃንጋሪ። የ1970ዎቹ ሴኔጋል። የ1980ዎቹ ታይዋን። የ1970ዎቹ ፊሊፒንስ።

ለምን አሥር ዓመት? የአንድ አገር ሲኒማ የሚያብበው ብዙውን ጊዜ በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። የፊልም ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ መንግሥት ገንዘብ ይመድባል፣ ሳንሱሩ ይላላል፣ የሚተዋወቁ ወጣቶች አንድ ላይ ይነሳሉ። ከዛ በሩ ይዘጋል። ያንን ጊዜ ከያዛችሁት አንዱ ፊልም ሌላውን ይጠራዋል። ለአንድ አገር ሁለት ወር ስጡት። ካልጣማችሁ ቀይሩ።

3. የማያልቁ ዝርዝሮችን ተጠቀሙ

«መታየት ያለባቸው 100 ፊልሞች» የሚለውን ዓይነት ዝርዝር ተዉት። እሱ ያለቀለት ዝርዝር ነው፣ ሁሉም ሰው አይቶታል። የምትፈልጉት ማንም ያልመረጠውን ጭምር የያዘ ጥሬ ዝርዝር ነው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው የኦስካር የውጭ ፊልም ዕጩዎች ዝርዝር ነው። የመጨረሻዎቹን አምስት ማለቴ አይደለም። አገሮች በየዓመቱ አንድ አንድ ፊልም ይልካሉ፣ ሰማንያና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ዓመት አለ። ከነዚህ ውስጥ 15ቱ ወደ አጭሩ ዝርዝር ይገባሉ፣ አምስቱ ብቻ ለመጨረሻ ይቀርባሉ። የቀሩት በማግስቱ ይረሳሉ። ግን እያንዳንዳቸው አንድ አገር «የዘንድሮ ምርጤ ይሄ ነው» ብሎ የላካቸው ናቸው። ዊኪፔዲያ ላይ በየአገሩና በየዓመቱ ተዘርዝረው ይገኛሉ። የመረጣችሁትን አገር ገጽ ክፈቱና ያልተመረጡትን ብቻ ጻፉ።

ሁለተኛው የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ድምፅ ነው። ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ተቺዎችን ይጠይቃል። በ2022 ከ1,600 በላይ ሰዎች ተሳትፈው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ያ የመጀመሪያው መቶ ነው። ሀብቱ ያለው ግን የእያንዳንዱ መራጭ የድምፅ ወረቀት ላይ ነው። የመጽሔቱ ባለቤት የሆነው የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። እያንዳንዱ መራጭ አሥር ፊልም ጽፏል። ከመረጣችሁት አገር የሆነ ተቺ ፈልጉና አሥሩን እዩ። አንድ ሰው ብቻ የመረጠው ፊልም ስታገኙ ቁሙ። ከመላው ታሪክ አሥር ፊልም ብቻ ምረጥ ተብሎ ያንን የጻፈ ሰው በከንቱ አልጻፈውም።

ሦስተኛው አይኤምዲቢ የሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ዝርዝር ፍለጋ ነው። ብዙ ሰው አይኤምዲቢን ደረጃ ለማየት ብቻ ይጠቀምበታል። የላቀው ፍለጋ ገጽ ላይ ግን አገር፣ ቋንቋ፣ የዓመታት ክልልና የድምፅ ብዛት መወሰን ይቻላል። እንዲህ ሞክሩ፦ አገራችሁን ምረጡ፣ ዓመቱን ከ1965 እስከ 1980 አድርጉ፣ ደረጃው ከ7 በላይ ይሁን፣ የድምፁ ብዛት ደግሞ ከ50 እስከ 1,000። ትንሽ ሰው ያየው፣ ያየው ሰው ግን የወደደው ፊልም ብቻ ይቀራል። ከ50 ድምፅ በታች አትውረዱ፤ እዛ ያለው ደረጃ ብዙ ጊዜ የሠሪዎቹ ጓደኞች የሰጡት ነው።

ተመልካቾች ስላዩት ፊልም የሚጽፉበት ሌተርቦክስድ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሰውን ፈልጉ። ከወደዳችሁት ብርቅዬ ፊልም ገጽ ግቡ። ስለ ፊልሙ ከጻፉት ጥቂት ሰዎች ውስጥ በደንብ የጻፈውን ምረጡና ሌላ ምን እንዳየ ተመልከቱ። እንደዚህ ዓይነት ሦስት አራት ሰው መከተል ከማንኛውም አልጎሪዝም ይበልጣል።

4. የድሮ ፌስቲቫሎችን ቆፍሩ

ካንና ቬኒስን ሁሉም ያውቃል። ለናንተ የሚጠቅሙት ሌሎች ናቸው።

ቱኒዝያ የሚካሄደው የካርቴጅ የፊልም ቀናት በ1966 ተጀመረ። የአፍሪካና የዓረብ ፊልሞች የሚወዳደሩበት ነው። ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ የሚካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል በ1969 ተመሠረተ። የፈረንሳይዋ ናንት ከተማ ያለው የሦስቱ አህጉሮች ፌስቲቫል ከ1979 ጀምሮ የአፍሪካን፣ የእስያንና የላቲን አሜሪካን ፊልሞች ብቻ ያሳያል። የሆላንዱ ሮተርዳም በ1972 ተጀምሮ ሁልጊዜ ለአዲስና ላልታወቀ ሰው በሩን የከፈተ ነው። የፌስቲቫሉ ሁበርት ባልስ ፈንድ ገንዘብ ለማያገኙ አገሮች ዳይሬክተሮች ድጋፍ ይሰጣል። የጃፓኑ ያማጋታ ከ1989 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ዘጋቢ ፊልም ያሳያል፤ ዘጋቢ ፊልም የምትወዱ ከሆነ ከሱ ጀምሩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመረጣችሁትን አሥር ዓመት የአሸናፊዎች ዝርዝር አውጡ። ምን ያህል እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በ1972 የካርቴጅን ትልቁን ሽልማት ሁለት ፊልሞች ተካፈሉት። አንዱ ስለ አንጎላ የነጻነት ትግል የሚናገረው የሣራ ማልዶሮር «ሳምቢዛንጋ» ነው። ሌላው የግብፃዊው ተውፊቅ ሳሊህ «የተታለሉት» ነው፣ ሦስት ፍልስጤማውያን ሥራ ፍለጋ ወደ ኩዌት ለመግባት የሚያደርጉት ጉዞ። ሁለቱም ለአሥርተ ዓመታት ለማየት የሚያስቸግሩ ነበሩ። ከዚያ የመጀመሪያው በ2021፣ ሁለተኛው በ2023 ታድሰው ወጡ። የ1972ን ዝርዝር ያነበበ ሰው ዓለም ከማወቁ በፊት ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር።

ከድሮዎቹ ጎን የእድሳት ፌስቲቫሎችን በየዓመቱ ተከታተሉ። ዋናው ጣልያን፣ ቦሎኛ የሚካሄደው «ኢል ቺኔማ ሪትሮቫቶ» ነው፣ ከ1986 ጀምሮ። በአውሮፓ የበጋ ወቅት ይካሄዳል፣ የሚያሳየው የተገኙና የታደሱ ፊልሞችን ነው። ለድምፅ አልባ ፊልም ጣልያን ውስጥ ያለው የፖርደኖኔ ፌስቲቫል አለ። ካን ራሱ ከ2004 ጀምሮ «ካን ክላሲክስ» የሚል ክፍል አለው። እዚያ መሄድ አይጠበቅባችሁም። ፕሮግራሙ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ፊልም አጭር መግለጫ አለው፣ ማን እንዳደሰውም ተጽፏል። ዛሬ እዛ የታየ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ በዲስክ ወይም በስትሪሚንግ ይደርሳችኋል።

አንድ ስም ደግሞ ሸምድዱ፦ ወርልድ ሲኒማ ፕሮጀክት። ማርቲን ስኮርሴሲ በ2007 ያቋቋመው ነው። አቅም የሌላቸው አገሮች ፊልሞችን ያሳድሳል። የመጀመሪያ ሥራው የሞሮኮው «ትራንስ» ነበር። ከዚያ የሴኔጋሉ «ቱኪ ቡኪ»፣ የብራዚሉ «ሊሚቴ»፣ የፊሊፒንሱ የሊኖ ብሮካ ሥራ፣ ቅድም ያነሳሁት «የነፋስ ቼዝ» ተከተሉ። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ የዚህን ፕሮጀክት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እዩት። ደካማ ፊልም አላገኘሁበትም።

5. ስሞችን ተከተሉ

እኔ ከሁሉም ደረጃ ይሄን እወደዋለሁ። ፊልም ሲያልቅ የሚወርደውን የስም ዝርዝር አትዝጉት። ዳይሬክተሩን ብቻ ሳይሆን ካሜራ የያዘውን፣ ጽሑፉን የጻፈውን፣ ኤዲተሩን፣ ረዳቱን መዝግቡ። ገንዘብ በሌለበት ቦታ ሰዎች አንዱ ለሌላው ይሠራሉ። ስለዚህ ስሙ መንገድ ነው።

በተግባር እንየው። «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን አያችሁና ወደዳችሁት። በርኔት ሌላ የት ሠርቷል ብላችሁ ፈለጋችሁ። የቢሊ ውድቤሪን «ብሌስ ዜር ሊትል ሃርትስ» የጻፈውም የቀረጸውም እሱ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ፊልም ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ሥራ አጥ የሆነ አባት ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን እንደሱ ያሳየ ፊልም ግን ጥቂት ነው። አሁንም ቀጥሉ። በርኔት «ቡሽ ማማ» ላይም ካሜራ ይዟል። የ«ቡሽ ማማ» ዳይሬክተር ማነው? ኃይሌ ገሪማ። ከሱ ደግሞ ወደ «ሳንኮፋ» ትሻገራላችሁ። ሦስቱም ሰዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ዩሲኤልኤ የተማሩ ናቸው። የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ስትፈልጉ ጁሊ ዳሽን ታገኛላችሁ፣ የ1991ዱን «ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት» የሠራችውን። እሷ አፍሪካ አሜሪካዊት ሴት ዳይሬክት ያደረገችው ረጅም ፊልም አሜሪካ ውስጥ በየሲኒማ ቤቱ ሲታይ የመጀመሪያዋ ናት።

አያችሁ? ከአንድ ፊልም ተነስታችሁ አንድ ሙሉ ትውልድ አገኛችሁ። ማንም ዝርዝር አልሰጣችሁም።

ይሄው ዘዴ ድንበርም ያሻግራል። «ሳምቢዛንጋ»ን የሠራችው ማልዶሮር ቀደም ብላ በ«የአልጀርስ ጦርነት» ላይ ረዳት ሆና ሠርታለች። ታዋቂው ፊልም ላይ ረዳት የነበሩት ሰዎች በኋላ ምን ሠሩ ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስገኛል።

በተለይ የሴት ዳይሬክተሮችን ስም ተከታተሉ። ታሪኩ በግፍ ነው የዘለላቸው። ማርክ ከዚንስ በ2018 የጨረሰው «ዊሜን ሜክ ፊልም» የሚባል 14 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ዘጋቢ ፊልም አለ። ፊልም እንዴት ይሠራል የሚለውን በሴቶች ሥራ ብቻ ያስረዳል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እዩት። አንዱን ክፍል ሳትጨርሱ ገጹ ይሞላል።

6. ርዕሱን በብዙ መልክ ፈልጉ

አንድ ፊልም ሦስት አራት ስም ሊኖረው ይችላል። የአገሩ ስም፣ የእንግሊዝኛው፣ የፈረንሳይኛው፣ አንዳንዴም ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ የተሰጠው። በእንግሊዝኛው ፈልጋችሁ ካጣችሁ ዊኪፔዲያ ላይ በራሱ ቋንቋና በራሱ ፊደል የተጻፈውን ርዕስ ቅዱና ለጥፉ። ዩቲዩብ ላይ በተለይ ይሄ ትልቅ ለውጥ አለው። የዳይሬክተሩን ስምም እንደዚሁ አድርጉ።

7. የት ይታያሉ

በነጻና በሕጋዊ መንገድ የሚታየው ብዙ ነው። ሰው አያውቀውም እንጂ።

የኮሪያ ፊልም አርካይቭ የድሮ የኮሪያ ፊልሞችን ዩቲዩብ ላይ ከነእንግሊዝኛ ሰብታይትላቸው አስቀምጧል። የሩሲያው ስቱዲዮ ሞስፊልምም የሶቪየት ፊልሞቹን እንዲሁ። የካናዳ ብሔራዊ ፊልም ቦርድ ድረ ገጹ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘጋቢና አኒሜሽን ፊልሞች አሉት። የፓሪሱ ሲኒማቴክ ፍራንሴዝ በ2020 «ሄንሪ» የተባለ ነጻ መድረክ ከፍቷል። የዴንማርክ ፊልም ኢንስቲትዩት ድምፅ አልባ ፊልሞቹን በነጻ ያሳያል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ደግሞ መብታቸው ያበቃ ፊልሞች ይገኛሉ። ጥራታቸው ግን ይለያያል፣ አንዱ ሰው የጫነው ካልጠራ የሌላውን ሞክሩ።

በክፍያ ከሆነ ሙቢና የክራይቴርየን መድረክ ለዚህ ዓይነት ፊልም የተሠሩ ናቸው። ክራይቴርየን የሚታየው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችሁ ካኖፒ የሚባለው የፊልም መድረክ አባል ከሆነ ደግሞ ብዙ ፊልም በነጻ ታገኛላችሁ። መጠየቅ አያስከፍልም።

ዲስክ አሁንም አልሞተም። እንዲያውም ብርቅዬ ፊልም ከሁሉ በተሻለ ጥራት የሚገኘው በዲስክ ነው። ሰከንድ ረን፣ ራዲያንስ፣ ማስተርስ ኦፍ ሲኒማ፣ ደፍ ክሮኮዳይል የሚባሉ ትንንሽ አሳታሚዎችን ተከታተሉ። አብሮ የሚመጣው መጽሔት ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የዞን ኮዱን እዩ። ዲቪዲ ዓለምን በስድስት ዞን፣ ብሉሬይ በሦስት ይከፍላታል። ማጫወቻችሁ ካልተስማማ ዲስኩ አይከፍትም።

ያለ ፈቃድ የተጫኑ ቅጂዎችን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው። የሚከፈልበት መንገድ ካለ ክፈሉ። አንድን ፊልም ማደስ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፣ የሚቀጥለው ፊልም የሚታደሰው የአሁኑ ሲሸጥ ነው።

8. ትክክለኛው ቅጂ መሆኑን አረጋግጡ

ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ጠቃሚ ነው። የተቆረጠ ፊልም አይታችሁ «አልገባኝም» እንዳትሉ።

መጀመሪያ ርዝመቱን አመሳክሩ። የእድሳት ፌስቲቫል ካታሎግ ወይም የአገሩ አርካይቭ 118 ደቂቃ ካለ፣ እናንተ ጋር ያለው 94 ከሆነ፣ የሆነ ነገር ተነስቷል። ሳንሱር ሊሆን ይችላል፣ አከፋፋዩም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ልዩነት ግን አያስደንግጣችሁ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። በድሮው የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት ግን በ25 ነበር የሚጫወተው። ስለዚህ 4 በመቶ ይፈጥናል፣ የ100 ደቂቃው ፊልም 96 ይሆናል። ያ አልተቆረጠም።

ቀጥሎ የምስሉን ቅርጽ እዩ። የሰው ግንባር ወይም ጎን ላይ የቆመ ሰው ተቆርጦ ከታየ ሰፊው ምስል ለቴሌቪዥን ተብሎ ተቀንሷል ማለት ነው። ሌላ ቅጂ ፈልጉ። ሌላ ከሌለ ግን እዩት። የደበዘዘ ቅጂ ከምንም ይሻላል።

9. ሰብታይትሉን አስተካክሉ

ሰብታይትል ብዙውን ጊዜ ኤስአርቲ የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ነው። ስሙን ልክ እንደ ቪዲዮው ስም አድርጋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት። ቪኤልሲ በሚባለው ነጻ ማጫወቻ ላይ ፊልሙን ስትከፍቱ ራሱ ያነበዋል።

ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ሁለት ዓይነት ችግር አለ፣ መለየት አለባችሁ። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ የጂ እና የኤች ፊደል ቁልፎችን እየተጫናችሁ ወደፊትና ወደኋላ ትገፉታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ትክክል ሆኖ እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ግን ቅድም ያልኩት የ24 እና የ25 ጉዳይ ነው። በቁልፍ አይስተካከልም። ሰብታይትል ኤዲት የተባለውን ነጻ ፕሮግራም አውርዱና የምስል ፍጥነቱን ቀይሩ። በደቂቃ ያልቃል።

በጽሑፉ ፋንታ የማይነበብ ምልክት ከመጣባችሁ ፋይሉን በኖትፓድ ክፈቱና ዩቲኤፍ-8 በሚለው አማራጭ እንደገና አስቀምጡት። መጀመሪያ ሲከፈት በትክክል ካልተነበበ ግን ይሄ አይሠራም፣ ሌላ ፋይል ማውረድ ይሻላል።

በማሽን የተተረጎመ ሰብታይትል ለዘጋቢ ፊልም ይሆናል። ግጥም ወይም ቀልድ ለበዛበት ፊልም አልመክርም። የሚናገረው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ ይሆንና ፊልሙን ያበላሽባችኋል።

10. ፊልሙን ስታዩ

ስልክ አስቀምጡ። ቀስ የሚል ፊልም ከሆነ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ሳትፈርዱ እለፉት። ፊልሙ የራሱን አካሄድ እስኪያለማምዳችሁ ጊዜ ይፈልጋል። ፊልሙን ከማየታችሁ በፊት አገሩና ዘመኑ ምን ይመስል እንደነበር ሁለት አንቀጽ አንብቡ። ትንታኔውን ግን ካያችሁ በኋላ።

ደብተር ያዙ። ርዕስ፣ ዓመት፣ አገር፣ ከየት እንዳገኛችሁት፣ ቀጥሎ የሚፈለግ ስም። ይበቃል።

11. ከጠፋ አርካይቩን ጠይቁ

ሁሉንም ሞክራችሁ ፊልሙ ካልተገኘ አንድ በር ይቀራል። የዓለም የፊልም አርካይቮች ፊያፍ በሚባል ማኅበር ታቅፈዋል። ማኅበሩ በ1938 የተመሠረተ ነው። የአባላቱ ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አለ። የፊልሙን አገር አርካይቭ ፈልጉና ኢሜይል ጻፉ። አርካይቭ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች እነዚህን ፊልሞች ከማንም በላይ ይወዳሉ፣ የሚጠይቃቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የፊልሙን የመጀመሪያ ርዕስ፣ ዓመቱንና የዳይሬክተሩን ስም ጻፉ። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ለተመልካች የሚሆን ቅጂ አላችሁ ወይ፣ መብቱ በማን እጅ ነው፣ በቅርቡ የሚታይበት ዝግጅት አለ ወይ። «ፋይሉን ላኩልኝ» አትበሉ። አብዛኛውን ጊዜ መብቱ የነሱ ስላልሆነ አይችሉም፣ ጥያቄው ራሱ በሩን ይዘጋዋል። አንዳንዶቹ ቀጠሮ ይዞ ለሚመጣ ሰው እዛው ያሳያሉ። አንዳንዶቹ በቅርቡ ዲጂታል እናደርገዋለን ብለው ይመዘግቧችኋል።

በወር ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ በትሕትና ድገሙ። መብቱ ዳይሬክተሩ ቤተሰብ ጋር ነው ከተባላችሁ አድራሻ አትጠይቁ፣ መልእክታችሁን አርካይቩ እንዲያደርስላችሁ ለምኑ። መልእክቱ ውስጥ ፊልሙን ለማየት ምን ያህል ጊዜ እንደፈለጋችሁትና የትኛውን ሥራቸውን አይታችሁ እንደወደዳችሁ ጻፉ። ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚያስታውስ ሰው እንዳለ አያውቁም።